የበረዶ ጎማ ለጠየቁኝ ሴት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ከጎማ ቤቱ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ኬክ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ብዙ ማውራት የማይወደው ሥራ አስኪያጃችን ካርድ አውጥቶ አነበበ። «መርዕድ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለማንም ሰው የማያስፈልገውን ጎማ ሸጦ አያውቅም» ይላል። ሁሉም አጨበጨቡ፤ እኔም ፈገግ ብዬ ቆምኩ። የተነበበው ግን እውነት አልነበረም። እውነት ቢሆን እንኳ ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረ፤ ከሁሉ የከፋውም እሱ ነው።

የጡረታ ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲጽፍ የተሾመበትን፣ የተመሰገነበትን ይጽፋል። እኔ ስቀመጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የማፍርበት ነገር ስለሆነ እሱን እጽፋለሁ።

አዲስ አበባ ሳሪስ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ። የተነፈሰ ጎማ ፈትቼ፣ ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ አይቼ፣ ለጥፌ እመልሳለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስመጣ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ቡሪየን ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ቤት ተከራይቼ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ የኪራይ መኪና አጥብ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ባልደረባዬ መኪና ጎማ ፓርኪንጉ ውስጥ ተንፍሶ ቆመ። ክሪክ ከመኪናዋ አውጥቼ በአሥር ደቂቃ ቀየርኩላት። ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ማውንት ቤከር ሰፈር ውስጥ ጎማ ቤት አለ፤ ሰው ይፈልጋሉ» አለችኝ። በሳምንቱ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከፊተኛው ብዙም አይበልጥም፤ እጄ የሚያውቀውን ሥራ በመሥራቴ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እዚያ ያገኘሁት ሰው ሮይ ይባላል። ያኔ ስልሳ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቶቹ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር የጎማ እድፍ ያለበት ሰው ነበር። ያደገው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ማዶ፣ በረዶ ለወራት መሬት ላይ በሚተኛበት አገር ነው። እኔ ጎማ መፍታትና መግጠም አውቃለሁ እንጂ ጎማ መምረጥ አላውቅም ነበር። ሳሪስ ላይ የተገኘው ጎማ ነው የሚገጠመው። መምረጥን ያስተማረኝ ሮይ ነው።

ሮይ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ መልስ አይሰጥም። ሰው መጥቶ ስለ ጎማ ሲጠይቀው መጀመሪያ ጃኬቱን ይለብስና «መኪናህ የት ነው?» ይላል። ዝናብ ቢሆንም ይወጣል። መኪናው አጠገብ ሲደርስ ይንበረከካል፤ ጉልበቱን የሚያቆሽሸው ይህ ነው። በአውራ ጣቱ ጥፍር የጎማውን ጥርስ ይጫናል። ከዚያ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ይፈልጋል። ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «ጥርሱን አይተህ አትፍረድ» ይለኝ ነበር። «ጥርስ ያለው ሽማግሌ ጎማ አለ። ላስቲኩ ከደረቀ ጥርሱ ምንም አይነክስም።»

ሲያትል ለጎማ ሻጭ ግራ የምታጋባ ከተማ ናት። ክረምቷ ዝናብ ነው። በረዶ በዓመት ጥቂት ቀን ይጥላል፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይጥልም። ኖቬምበር ሲገባ ግን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ለጥቂት ቀን ብዬ አራት የበረዶ ጎማ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ሁለት ዙር ጎማ ማለት በዓመት ሁለት ጊዜ ማስቀየር፣ አፓርትመንት ውስጥ ማስቀመጫ ፍለጋ ማለት ነው። የበረዶ ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ሙቀት ሲመጣ እንደ ላጲስ ያልቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ቀን የቀለጠው በረዶ ሲመሽ መልሶ ይረጋል፤ ጠዋት አስፋልቱ እርጥብ ይመስላል እንጂ መስታወት ነው። ተራው ጎማ ደግሞ ብርድ ሲነካው እንደ አደረ ዳቦ ይደርቃል።

ሮይ ለዚህ ጥያቄ አዎ ወይም አይ ብሎ አይጀምርም። ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። የት ነው የምታድረው? ከቤት የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው? በረዶ በጣለ ቀን ብትቀር ምን ይሆናል? መልሱን በሥራ ማዘዣው ወረቀት ጀርባ ይጽፈዋል፤ ደንበኛው ምን እንደጠየቀና እሱ ምን እንዳለው ሳይቀር። እኔንም እንዲሁ እንድጽፍ አስለመደኝ። «የሰጠኸውን ምክር መልሰህ ማንበብ መቻል አለብህ» ይላል።

አንድ ጊዜ ትልቅ ፒክአፕ ያለው ጎልማሳ መጣ። በወር አንድ ቀን ተራራ ላይ ሸርተቴ ለመጫወት ይወጣል፤ በረዶ እንዲቧጥጥ ምስማር የተተከለበት ጎማ ይግጠሙልኝ አለ። ሮይ ጠየቀው። ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ሥራው ከቤት ነው። «ጎማው ላይ የሚጠመጠም ሰንሰለት ግዛና ዕቃ መጫኛህ ውስጥ አስቀምጥ። ምስማሩ እዚህ አስፋልት ከማረስ በቀር የሚሠራልህ የለም» ብሎ ሰደደው። የጎማ ቤቱ ባለቤት ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ፤ ሮይ ግን ቀጣዩ መኪና ሥር ገብቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ የቬትናም ሽማግሌ መጡ። መኪናቸው አሮጌ፣ ቤታቸው ጠፍጣፋ ሰፈር፣ በቀን የሚነዱት ትንሽ መንገድ ነው። እኔ በልቤ «አያስፈልጋቸውም» ብዬ ወስኛለሁ። ሮይ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲጠይቃቸው ግን ሚስታቸውን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እንደሚወስዱ ተናገሩ። «እርስዎ ያስፈልግዎታል። አራቱም» አላቸው። ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «በረዶው ስንት ቀን ይጥላል ብለህ አትቁጠር። በዚያ ቀን ማን መቅረት እንደማይችል ጠይቅ» አለኝ። ያን ቀን ሥራዬን የተማርኩ መሰለኝ። በእርግጥም ተምሬ ነበር፤ የጎደለው እንደተማርኩት መሥራት ነው።

ሮይ ጡረታ ሲወጣ ባንኮኒውን ለእኔ ተወልኝ። እንግሊዝኛዬ ተሻሽሏል፤ አማርኛ ተናጋሪ ደንበኛ ደግሞ እየበዛ ነበር። ሬንተን፣ ቡሪየን፣ ሬይኒየር ቫሊ ያለው አበሻ ሁሉ «መርዕድ ጋ ሂድ፤ የራሱ ወገን ስለሆነ አያታልልህም» እየተባባለ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰው አስቁሞኝ ያመሰግነኛል። «ሌላ ቦታ አራት ጎማ ሊያሸክሙኝ ነበር፤ እሱ ግን አያስፈልግህም አለኝ» ይላሉ ለሌላው። ይህ ምስጋና ጣመኝ። ማመን ያለብኝ ይህን ነው። «አያስፈልግም» ስል ሰው ይወደኛል፤ «ያስፈልጋል» ስል ደግሞ ዓይኑ ላይ ጥርጣሬ አያለሁ። ቀስ በቀስ ጥያቄዎቹን መጠየቅ ተውኩ። ለመጣው ሁሉ የምናገራት አንዲት ቀልድም ፈጠርኩ። «እዚህ አገር በረዶ እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቤት ቁጭ ይባላል» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ቀልዷን እኔ በሌለሁበት እንኳ የሚደግሟት ነበሩ።

ወይዘሮ ዘነበች የመጡት በኖቬምበር አንድ ቅዳሜ ነው። የሚኖሩት ሬንተን፣ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። ያኔ ወደ ሃምሳ አምስት ይሆናቸዋል። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሕሙማን ረዳት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ አረንጓዴውን የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ነው የመጡት። የቀኝ የኋላ ጎማቸውን ምስማር ወግቶት ነበር። መኪናቸው ከውጭ ቆሞ ባልደረባዬ ሲለጥፍላቸው፣ እሳቸው ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። ወንበሮቹ ላይ ሦስት አበሾች ተቀምጠዋል።

«ጋሽ መርዕድ፣ አብራኝ የምትሠራ ሴት የበረዶ ጎማ ግዢ እያለች ትወተውተኛለች። እርስዎ ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

ጃኬቴ ከኋላዬ ተሰቅሏል። አላነሳሁትም። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እዚህ አገር እኮ በረዶ እንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ቁጭ ይባላል» አልኳቸው።

የተቀመጡት ሦስቱም ሳቁ። ወይዘሮ ዘነበችም ትንሽ ፈገግ አሉና «እኔ እንኳ ቤት መቀመጥ…» ብለው ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ስልኩን ስጨርስ መኪናቸው ደርሶላቸው ሄደዋል። ልማድ ሆኖብኝ በማዘዣው ጀርባ «የበረዶ ጎማ ጠየቁ፤ አያስፈልግም አልኩ» ብዬ ጻፍኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ወጥቼ ተንበርክኬ ቢሆን ኖሮ ጎማዎቹ ሰባት ዓመት እንዳለፋቸው አይ ነበር። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የሥራ ተራቸው ሳይነጋ እንደሚጀምር፣ እሳቸው ካልደረሱ ሌሊቱን ያደረችው ሠራተኛ መሄድ እንደማትችል፣ አልጋ ላይ የሚጠብቋቸው አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች እንዳሉ ይነግሩኝ ነበር። ሮይ ያስተማረኝ የሚቀር ሰውንና የማይቀር ሰውን መለየት ነው። መቅረት የማይችል ሰው ከፊቴ ቆሞ ሲጠይቀኝ እኔ ሰው አሳቅኩ።

ፌብሩዋሪ ላይ በረዶ ጣለ። ሁለት ቀን ቆይቶ መቅለጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሰማዩ ጠራና ብርዱ በረታ። ወይዘሮ ዘነበች በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ለሥራ ወጡ። ከቤታቸው ቁልቁለት ገና ሲጀምሩ መኪናዋ ከእጃቸው ወጣች። ፍሬን ያዙ፤ አልያዘም። ወደ ጎን ዞራ እየተንሸራተተች ታች ካለው የሲሚንቶ ግንብ ጋር በሾፌሩ በር በኩል ተላተመች። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ጭንቅላታቸውን መስኮቱ መታቸው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ። ሲነግሩኝ ዳገቱን፣ ሰዓቱን፣ የሥራቸውን ዓይነት አብረው ነገሩኝ። ሦስቱም ጥያቄ አንድ በአንድ ተመለሰልኝ። ከሰው ጋር ሆኜ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ተኝተው ስለነበር ሳያዩኝ ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባለማየታቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ብሌን ጎማ ቤት መጣች። ያኔ ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመቷ ይሆናል። እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ ሲጨንቃት ግን እንግሊዝኛ ይቀላቅልባታል። ወንበሮቹ ላይ ደንበኞች ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ ሳቂዎች አንዳቸውም አልነበሩም፤ ግን ሁሉም ያውቁኛል።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ሥራ ላይ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው። እማዬ ከአደጋው በፊት የበረዶ ጎማ እርስዎን ጠይቄያለሁ፣ አያስፈልግሽም ብለውኛል ትላለች። ሰው ሁሉ ሳቀብኝም ትላለች። እውነት ነው?»

የምትከሰኝ መስላ አልነበረም። ፊቷ ላይ ድካም ብቻ ነበር። ወደ ወንበሮቹ አየሁ። ያች ዝናዬ፣ አያታልልም የተባለልኝ ነገር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር የቆመች መሰለኝ።

«እናትሽ ለምስማር መጥተዋል» አልኳት። «የበረዶ ጎማ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ፍርድ ቤት ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ስለ ፍርድ ቤት አላሰብኩም። ያሰብኩት በሚቀጥለው እሑድ ሰው እንዴት እንደሚያየኝ ነው።

ብሌን ዓይኗን ጨፈነች። «አይ ኒው ኢት፤ አውቄው ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ዶክተሩ ነግሮኝ ነበር። ጭንቅላቷን ስለተመታች ነገር ልትቀላቅል፣ ያልሆነውን ሆነ ልትል ትችላለች ብሏል። ሶ… ኦኬ። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።»

አስቁሜ ልነግራት የምችልበት ጊዜ ነበር። ከበሩ እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ ያህል ነው፤ በመስኮቱ አየኋት። አልወጣሁም። ሥራ ስንጨርስ መሳቢያውን ከፍቼ ያን የኖቬምበር ማዘዣ ፈለግኩና አገኘሁት። የገዛ እጅ ጽሑፌን አነበብኩት። ከዚያ አራት ቦታ ቀድጄ ከአሮጌ ዘይት ጨርቅ ጋር ጣልኩት።

ያን ዓመት ኖቬምበር ሲመለስ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ለመጣው ሁሉ የበረዶ ጎማ መሸጥ ጀመርኩ። አሁንም አልጠይቅም፤ ያኔ ሁሉንም «አይ» እንዳልኩ አሁን ሁሉንም «አዎ» እላለሁ። በብርድ ወራት መኪናቸውን ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማይወስዱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ቤታቸው ከጎማ ቤታችን ማዶ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ነው። ለእሳቸውም አራት ሸጥኩላቸው። ሲከፍሉ መረቁኝ።

ሮይ በዚያ ሰሞን ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ከዘራ ይዟል። የተከመረውን የበረዶ ጎማ አየና፣ ጎማው እስኪገጠምላቸው የተቀመጡትን እኚያን አዛውንት አየ። «እሳቸው የት ነው የሚያድሩት?» አለኝ። እዚያ ፊት ለፊት አልኩት። «ስንት ሰዓት ይወጣሉ?» አልጠየቅኳቸውም ነበር። ሮይ ተቆጥቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ያን ቀንም አልተቆጣም። «ለሁሉም አይ ማለትም፣ ለሁሉም አዎ ማለትም አንድ ናቸው፣ መርዕድ። ሁለቱም ሰውየውን ላለማየት ነው» አለኝ። ስለ ወይዘሮ ዘነበች ልነግረው አፌ ድረስ መጣ። ያን ትቼ ስለ ጉልበቱ ሕመም ጠየቅኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ የአዛውንቱን ጎማ ከመገጠሙ በፊት አስቁሜ ገንዘባቸውን መለስኩ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ ጃኬቴን እየለበስኩ ወጥቻለሁ፣ ተንበርክኬያለሁ፣ ሦስቱንም ጠይቄያለሁ። ብዙውን ሰው፣ ሜዳ ላይ የሚኖረውን፣ አውቶቡስ ደጁ ያለውን፣ ከቤት መሥራት የሚችለውን፣ በደህና ተራ ጎማ እንዲቆይ መክሬያለሁ። ዳገት ላይ ላለ ግን ብዙ ለማይነዳ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለውን፣ ለበረዶም እንደሚሆን የሚያሳየው የተራራ ምልክት ያለበትን ጎማ አሳይቻለሁ። መቅረት ለማይችለው ደግሞ ዓይኑ ቢጠራጠረኝም አራቱንም ግዛ ብያለሁ። ሥራዬ ተስተካከለ። ያቺ አንዲት ነገር ግን ሳትነካ እዚያው ቆየች።

ወይዘሮ ዘነበች በክራንች፣ ቆይተው በከዘራ መሄድ ጀመሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀስ ብለው ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። የምሸሽበት አልነበረኝም። አጠገቤ ደርሰው፣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋሽ መርዕድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምዎን አለቦታው አንስቼ ነበር አሉ። ጭንቅላቴን ተመትቼ ነው። እኔ እንደሆንኩ የሆነ ይመስለኛል፤ እስካሁንም ይመስለኛል። ብሌን ግን ጠይቃ አረጋግጣልኛለች።»

«ምንም አይደለም፣ ወይዘሮ ዘነበች» አልኳቸው። እንዲህ ነው ያልኩት። ይቅርታቸውን ተቀበልኩ።

ከዚያ ስለ እሳቸው የምሰማው ሁሉ ከሰው ነው። አጥንታቸው ሲድን መጦሪያው ቀላል ሥራ፣ መድኃኒት የማከፋፈል ሥራ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር አሉ። እሳቸው እምቢ አሉ። «ያልሆነ ነገር በሚያይ ጭንቅላት መድኃኒት አሳስቼ ሰው ልግደል?» ብለው። የመኪና ቁልፋቸውን ለልጃቸው ሰጡ። ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ጋ ገቡ። ነገር ሲናገሩ መሀል ላይ ያቆሙና «እንዲህ ነበር አይደል፣ ብሌን?» ብለው ይጠይቃሉ አሉኝ። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ አንገቴን እየነቀነቅኩ «እግዚአብሔር ይማራቸው» እል ነበር። ዳሌያቸውን የሰበረው በረዶ ነው፤ የእኔ ስንፍና አለበት፣ ግን በረዶ ነው። አእምሯቸውን ከእጃቸው የወሰድኩት ግን እኔ ራሴ ነኝ፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር።

ከኬኩ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ቤቴ ቁጭ አልኩ። ሥራ ሲኖር ጠዋት የሚወጣበት ነገር አለ፤ ሥራ ሲቀር ያለው ሁሉ እቤት ይጠብቅሃል። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ተነስቼ ለወይዘሮ ዘነበች ኮል አደረግኩና «ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «ደስ ይለኛል፣ ይምጡ» አሉኝ። ከብሌን ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ለብዙ ደቂቃ ከመኪናዬ አልወረድኩም።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ብሌን ሥራ ላይ ነበረች። ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። «ሻይ አይገባኝም፤ መጀመሪያ ይስሙኝ» አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። ቅዳሜ መሆኑን፣ ምን እንደጠየቁኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ብሌን መጥታ ስትጠይቀኝ እንደዋሸሁ፣ ወረቀቱን እንደቀደድኩ፣ እሑድ ዕለት ይቅርታቸውን እንደተቀበልኩ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። እጃቸውን ነበር የማየው፤ ከዘራውን ይዞ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ለብሼ ነበር?» አሉ ስጨርስ።

«አረንጓዴ የሥራ ልብስ።»

«ከበሩ በስተግራ፣ ወንበር ላይ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነበር?»

«ነበር።»

«ሳቁ?»

«ሳቁ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሳቅኳቸው።»

አንገታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ስልካቸውን አንስተው ለልጃቸው ደወሉና ስፒከር ላይ አደረጉት። «ብሌን፣ ጋሽ መርዕድ እዚህ ናቸው። የሚነግሩሽ ነገር አለ» አሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔ ፊት አስቀመጡት።

ለብሌንም ነገርኳት። ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅና የበር መዘጋት ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሥራ ቦታዋ ውስጥ ለብቻዋ ወደምትሆንበት ገብታ ይመስለኛል።

«ለምን?» አለች በእንግሊዝኛ።

«አፍሬ» አልኳት።

«ስድስት ዓመት፣ ጋሼ» አለች፣ አሁን በአማርኛ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን፣ እማዬ እሱ አልሆነም፣ እማዬ ተሳስተሻል ስላት ኖርኩ።» ቀጥሎ ለእናቷ የሆነ ነገር ልትል ጀምራ ድምፅዋ ተሰበረ። ስልኩ ተዘጋ። ብሌን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ ልክ ናት። ለእናቷ ግን የመኪና ቁልፋቸውን መልሳላቸው ወደ ገበያ ራሳቸው መንዳት እንደጀመሩ ሰው ነግሮኛል።

ያን ቀን ልሄድ ተነሳሁ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ…» ስል እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ።

«ይቅርታውን ዛሬ አይጠይቁኝ» አሉ። «እሱ ይደርሳል ወይም አይደርስም፤ አላውቅም። አሁን ይቀመጡ። የቅዳሜውን ነገር አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። ቀስ ብለው፤ ምንም ሳይዘሉ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበሩን ተደገፉ፤ እኔም ከበሩ ሲገቡ ካየሁበት ጀምሬ ደገምኩላቸው።